የትኛውን ኳስ እንግዛ?

 

ልጅ ባለበት ቤት ሁሉ የኳስ ጥያቄ አለ። ልጅ አዲስ ጫማ ወይም ብስክሌት ሲከለከል ዝም ይል ይሆናል፤ ኳስ ሲከለከል ግን ዝም አይልም። በካልሲ ውስጥ ጨርቅና ፌስታል ጠቅጥቆ፣ በሲባጎ አጥብቆ አስሮ፣ የራሱን ይሠራል። እኛም ያደግነው በዚሁ ነው። ጧት ከመድረሳ ሉሓችንን አስቀምጠን፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከመንግሥት ትምህርት ቤት ደብተራችንን ይዘን ስንወጣ በሁለቱም ግቢ የሚጠብቀን ያው የጨርቅ ኳስ ነበር። ዛሬ መምህር ሆነን ኳስ የመግዛት ተራ ሲደርሰን የገጠመን ጥያቄ ግን ሌላ ነው። ይኸውም በእጃችን ባለችው ጥቂት ገንዘብ ከገበያው ኳስ የትኛው ይበልጣል? የሚለው ነው።

ጥያቄው እንደ ቀላል ነገር ሊታይ ይችላል። ሆኖም ሁለት ነገር ያከብደዋል። አንደኛው፣ ገንዘቡ የእኛ አለመሆኑ ነው። ወላጆች ከዘይቱና ከዳቦው ቀንሰው ያዋጡት ነውና አማና ነው። ሁለተኛው ደግሞ የልጆቹ ድርሻ ነው። አንድ ክፍል ውስጥ 50 ተማሪዎች አሉ እንበል፤ የስፖርት ክፍለ ጊዜውም 40 ደቂቃ ነው። ኳሱ አንድ ብቻ ከሆነና ለሁሉም እኩል ቢከፋፈል ለአንዱ ልጅ የሚደርሰው 48 ሰከንድ ነው። እሱም እኩል ቢከፋፈል ነው! በተግባር ግን ጉልበተኞቹ ኳሱን ይዘው ይሮጣሉ፤ ዓይን አፋሩ ልጅና አብዛኛዎቹ ሴቶች ልጆች ዳር ቆመው ደወል ይጠብቃሉ። ኳሶቹ አምስት ቢሆኑ ግን ድርሻው ወደ 4 ደቂቃ ከፍ ይላል። እንግዲህ ስለ ኳስ ዋጋ ስናወራ ዳር ስለቆመው ልጅ እያወራን መሆኑን ልብ እንበል።

ሦስቱ የገበያ ኳሶች

በገበያ የሚገኙት ረከስ ያሉ ኳሶች መልካቸውና ጽሑፋቸው ብዙ ቢሆንም በሦስት ወገን ሊጠቃለሉ ይችላሉ።

የመጀመሪያው ሙሉ በሙሉ ከጎማ የተሠራው ነው። ይህ ኳስ ስፌት የለውም። በላዩ ላይ የሚታዩት መስመሮች በቅርጽ ማውጫ የታተሙ ናቸው። በዋጋ ከሁሉም ያንሳል። ጠጠራማ ሜዳ ላይ ቢንከባለል፣ ከግንብ ጋር ቢላተም፣ ዝናብ ላይ ቢያድር ብዙም አይጎዳም። ውሃ የሚጠጣ ጨርቅ ከላዩ ላይ የለበትምና ከጭቃ አውጥቶ ማጠብ ይበቃዋል። ጉድለቱ አነጣጠሩ ላይ ነው። ከልክ በላይ ይነጥራል፤ በእግር ለማስቆም ያስቸግራል፤ በቴስታ ለሚመታው ልጅ ግንባርን ያቃጥላል። ቆየት ሲል ደግሞ ሙቀትና ፀሐይ ጎማውን ያደርቁታል፤ በአንድ በኩል ተነፍቶ እንቁላል መስሎ ይቀራል።

ሁለተኛው ፒቪሲ ከሚባለው ፕላስቲክ የተሠራ ልባስ ያለውና አብዛኛውን ጊዜ በመኪና የተሰፋው ነው። ጎዳና ላይ በብዛት ተንጠልጥሎ የምናየው ይህን ነው። ልባሱ ጠንከር ያለ ስለሆነ መፋቅን ይቋቋማል፤ በጠዋት ብርድ ግን እንደ እንጨት ይደርቃል። ደካማ ጎኑ ስፌቱ ነው። የመኪናው ክር ቀጭን ሲሆን አንዱ ዙር ከተበጠሰ ተከታዩም ይፈታል፤ በዚያ ክፍተት ውስጥ ፊኛው እንደ እብጠት ብቅ ይላል። ያን ጊዜ አንዲት እሾህ ትበቃዋለች።

ሦስተኛው ፖሊዩረቴን በሚባል ለስለስ ያለ ሰው ሠራሽ ቆዳ ተለብጦ በእጅ የተሰፋው ነው። ከልባሱ ሥር በተደራረበ ጨርቅ ተደግፏል፤ ይህም ጨርቅ ኳሱ ክብነቱን እንዳይለቅ ይይዘዋል። እግር ላይ ሲያርፍ ይታዘዛል፤ የተላከበትን ቦታ ያውቃል ቢባል ማጋነን አይሆንም። ዋጋው ግን ከሁለቱ በላይ ነው፤ ለስላሳው ልባስም በጠጠር ላይ ቶሎ ይላጣል።

ከነዚህ ሌላ ቁራጮቹ ሳይሰፉ በሙቀትና በማጣበቂያ የተያያዙ አሉ። ዛሬ ታላላቅ ውድድሮች የሚካሄዱባቸው ኳሶች የዚህ ወገን ናቸው። በርካሹ ገበያ የሚገኘው ግን ማጣበቂያው ሲለቅ ጫማ ሰፊም ሆነ ሌላ ባለሙያ የሚመልሰው አይደለምና ጥንቃቄ ይሻል።

ከልባሱ ሥር ያለው

ገዢ ብዙውን ጊዜ የሚያየው ቀለሙን ነው። የኳስ ዕድሜ ግን በአብዛኛው በማይታየው ፊኛ ላይ ይመሠረታል። ፊኛው ላቴክስ ከሚባለው የተፈጥሮ ጎማ የተሠራ ከሆነ አነጣጠሩ ለስላሳና የተመጠነ ይሆናል፤ ነገር ግን አየር ቶሎ ያስወጣል፤ በየጥቂት ቀኑ መነፋት አለበት። ፊኛው ቡቲል ከሚባለው ሰው ሠራሽ ጎማ ከሆነ ጥቂት ደረቅ ቢልም አየሩን ለረጅም ጊዜ ይይዛል። በአቅራቢያው መንፊያ ለሌለው ትምህርት ቤት ቡቲሉ ይሻላል እንላለን። በማሸጊያው ላይ ከተጻፈ ማንበብ፣ ካልተጻፈም ሻጩን መጠየቅ ነው።

የቁራጮቹም ነገር የራሱ ታሪክ አለው። በ1970 እ.ኤ.አ. በሜክሲኮው የዓለም ዋንጫ የቀረበው ቴልስታር የተባለው ኳስ 12 ጥቁር ባለ አምስት ጎንና 20 ነጭ ባለ ስድስት ጎን፣ በድምሩ 32 ቁራጮች ነበሩት። በጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን ጎልቶ እንዲታይ ታስቦ ነበር እንዲህ የተቀባው። ቆዳ ኳስ ግን ዝናብ ሲያገኘው ውሃ እየጠጣ ይከብድ ስለነበር በ1986 እ.ኤ.አ. የዓለም ዋንጫው ሙሉ በሙሉ ወደ ሰው ሠራሽ ልባስ ተሸጋገረ። በ2006 እ.ኤ.አ. ቁራጮቹ 14፣ በ2010 እ.ኤ.አ. 8፣ በ2014 እ.ኤ.አ. ደግሞ 6 ብቻ ሆኑ። የ2010ሩ ጃቡላኒ በአየር ላይ አቅጣጫውን ድንገት ይቀያይራል ሲሉ በረኞች አምርረው አማረሩ። ምክንያቱ ከልክ በላይ መለስለሱ ነበር። የስፌት መስመር የኳሱን ገጽ ሻካራ በማድረግ አየሩ ኳሱን ተከትሎ በሥርዓት እንዲፈስ ይረዳል። በጎልፍ ኳስ ላይ የምናያቸው ትናንሽ ጉድጓዶችም ለዚሁ የተሠሩ ናቸው። ስለዚህ ስፌት የበዛበት የድሮ ዓይነት ባለ 32 ቁራጭ ኳስ ስንገዛ ኋላ የቀረ ነገር ገዛን ብለን ልናፍር አይገባም።

መስፈሪያው ምንድን ነው?

በእግር ኳስ ሕግ መሠረት የአዋቂዎች ኳስ፣ ማለትም ቁጥር 5፣ ዙሪያው ከ68 እስከ 70 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ ከ410 እስከ 450 ግራም፣ የአየር ግፊቱም ከ0.6 እስከ 1.1 አትሞስፌር መሆን አለበት። ቁጥር 4 ዙሪያው ከ63.5 እስከ 66 ሴንቲ ሜትር ሲሆን በአብዛኛው ከ8 እስከ 12 ዓመት ላሉ ልጆች ይመደባል። ቁጥር 3 ለታናናሾቹ ነው። ብዙ ወላጅ «ያድግበታል» በማለት ለ7 ዓመት ልጁ ቁጥር 5 ይገዛል። ይህ ለልብስ ይሠራ ይሆናል፤ ለኳስ ግን አይሠራም። ከእግሩ በላይ የሆነ ኳስ የሚለጋ ልጅ በጣቱ ጫፍ መምታት ይለምዳል፤ ሲያመውም ይሸሻል። በተጨማሪም ቁጥር 4 አብዛኛውን ጊዜ ከቁጥር 5 ይረክሳልና ወላጁ በሁለት በኩል ይጠቀማል።

የዓለም አቀፉ እግር ኳስ ፌዴሬሽን ፊፋ ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተፈተኑ ኳሶች የጥራት ምልክት እንዲለጠፍባቸው አድርጓል። ፈተናው የኳሱን ዙሪያ፣ ክብነት፣ ክብደት፣ አነጣጠር፣ ውሃ የመምጠጥ መጠን፣ አየር የመያዝ ችሎታና ተደጋግሞ ከተመታ በኋላ ቅርጹን መጠበቁን ይመለከታል። ከፍተኛውን ደረጃ የሚያገኘው ኳስ ከ2 ሜትር ከፍታ ተለቆ ከ135 እስከ 155 ሴንቲ ሜትር መንጠር ይኖርበታል። ርካሽ ኳስ ላይ ይህ ምልክት አይጠበቅም። ካለም መጠርጠር ነው፤ ምልክትና የታወቀ ስም ማተም እንደ ኳሱ መሥራት አይከብድምና! ምልክት የሌለው ኳስ ሁሉ ግን መጥፎ ነው ማለት አይደለም። በቤታችን ልንፈትነው እንችላለን።

እኛ እንዴት ፈተንናቸው?

ከሦስቱም ወገን አንዳንድ ገዝተን ከመስከረም ጀምሮ በትምህርት ቤቱ ግቢ አሠራናቸው። ፈተናው ውድ መሣሪያ አልጠየቀም። ዙሪያውን ለመለካት የልብስ ሰፊ ሜትር፣ ለክብደቱ የእህል ነጋዴ ሚዛን፣ ለአነጣጠሩ ደግሞ ሲሚንቶ ወለልና በግድግዳ ላይ በጠመኔ የተሠመረ መለኪያ በቂ ነበር። ተማሪዎቹ በሳይንስ ክፍለ ጊዜ መዝጋቢዎች ሆኑ። ለክብነቱም ኳሱን በሁለት እጅ አሽከርክሮ ወደ ላይ መወርወር ነው። ጥሩው ኳስ በአየር ላይ ረግቶ ይሽከረከራል፤ የተጣመመው ግን እንደ ሎሚ ይዋዥቃል።

ውጤቱ እንዲህ ነበር። የጎማው ኳስ ከሁሉም ከፍ ብሎ ነጠረ፤ ልጆቹም ለጊዜው እሱን ወደዱት። ጥቂት ቆይተው ግን «አይቆምልንም» አሉ። የፒቪሲው ኳስ በመጀመሪያው ሳምንት ከውድ ጓደኛው ብዙም አልተለየም። ክረምቱ ጨርሶ ሳይወጣ በነበረው ዝናብ ስፌቱ ውሃ እየሳበ ከበደ፤ ከጥቂት ወራት በኋላም በአንድ ጎኑ ተፈታ። በእጅ የተሰፋው ግን ልባሱ ተልጦ ጨርቁ እስኪታይ ድረስ ክብነቱን አለቀቀም። አንድ ጊዜ ስፌቱ ሲላላ የሰፈሩ ጫማ ሰፊ በሰም በተቀባ ክር ጥቂት ዙር ሰፍቶ መለሰው። የጎማው ኳስ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ሳይፈነዳ ቆየ፤ ቅርጹ ግን አልቆየም።

የዋጋው ስሌት

እዚህ ላይ ሒሳብ ያስፈልጋል። ለስሌት እንዲመቸን የገበያውን ዋጋ ትተን አንዱን ኳስ በ100 ብር፣ ሌላውን በ250 ብር ተገዛ እንበል። ባለ 100 ብሩ 2 ወር ቢያገለግል በወር 50 ብር ወሰደ ማለት ነው። ባለ 250 ብሩ 8 ወር ቢያገለግል በወር 31 ብር ገደማ ሆነ። ስለሆነም በዕድሜ ለሚያስብ ሰው ውዱ ረከሰ፤ ርካሹ ተወደደ። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የሚባለው ለዚህ ዓይነቱ ገዢ ጭምር ነው።

ይሁን እንጂ ስሌቱ በዚህ ብቻ አያበቃም። በ1,000 ብር 10 ርካሽ ወይም 4 ውድ ኳሶች ይገዛሉ። 50 ተማሪዎች ቢኖሩን በመጀመሪያው ለ5 ልጅ አንድ፣ በሁለተኛው ግን ለ12 ወይም 13 ልጅ አንድ ኳስ ይደርሳል። ዳር የቆመው ልጅ ኳስ እንዲነካ የሚያደርገው የትኛው ነው? ያለ ጥርጥር የመጀመሪያው ነው። ልጅ ኳስ የሚማረው በመንካት እንጂ ሌላው ሲነካ በማየት አይደለም። ስለዚህ «ርካሹ ይሻላል ወይስ ውዱ?» ተብሎ በደፈናው መጠየቁ ትክክል አይመስለንም። «ለምን ሥራ?» ተብሎ መጠየቅ አለበት።

የእኛ ምርጫ ይህ ሆነ። ለልምምድና ለጠጠራማው ግቢ ቁጥር 4 የጎማ ኳሶችን በዛ አድርጎ መግዛት፤ ለግጥሚያና በሣር ወይም በደልዳላ አፈር ላይ ለሚደረግ ጨዋታ ደግሞ በእጅ የተሰፋ አንድ ጥሩ ኳስ ይዞ በክብር ማስቀመጥ። መካከለኛውን የፒቪሲ ኳስ ተውነው። ዋጋው ከጎማው ይበልጣል፤ ዕድሜው ግን ከተሰፋው በጣም ያንሳል። ቤት ውስጥ አንድ ወይም ሁለት ልጅ ላለው ወላጅ ግን መልሱ ይለያል። የመጫወቻው ቦታ አስፋልትና ጠጠር ከሆነ የጎማው ይበቃል፤ አቅራቢያው ሜዳ ካለ ጥቂት ጨምሮ የተሰፋውን መግዛት ያዋጣል። የሰፈር ልጆች ተሰባስበው ቢያዋጡ ደግሞ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንደሚባለው አንድ ጥሩ ኳስ አያቅታቸውም።

የሰፋው እጅ

ዋጋ ስንል ልንዘነጋው የማይገባን አንድ ነገር አለ። በእጅ ከሚሰፉ የዓለም ኳሶች አብዛኞቹ የሚመጡት በፓኪስታን ፑንጃብ ውስጥ ከምትገኘው ከሲያልኮት ከተማና ከአካባቢዋ መንደሮች ነው። የ1982ቱ የስፔን የዓለም ዋንጫ ኳስ የተሰፋው እዚያ ነበር፤ ለ2014ቱ የብራዚል ዋንጫም ኳሶች ከዚያው ተልከዋል። ባለ 32 ቁራጭ ኳስ ከ600 በላይ ስፌት ይገባበታል፤ የለመደ እጅ እንኳ አንዱን ለመጨረስ ሦስት ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ከሰፊዎቹ መካከል ብዙ ሕፃናት እንዳሉ ለዓለም ሲጋለጥ ትልቅ ቁጣ ተነሣ። በየካቲት 1997 እ.ኤ.አ. የሲያልኮት ንግድና ኢንዱስትሪ ምክር ቤት፣ የዓለም የሥራ ድርጅትና ዩኒሴፍ በአትላንታ ስምምነት ተፈራረሙ። በዚህም ስፌቱ ከየቤቱ ወጥቶ ቁጥጥር ወደሚደረግባቸው ማዕከሎች እንዲሰበሰብ፣ ልጆቹም ትምህርት እንዲያገኙ ተደረገ። ይህ ለውጥ የራሱ ጣጣ ነበረው፤ ቤታቸው ተቀምጠው ይሰፉ የነበሩ እናቶች ወደ ማዕከል መሄድ ስላልቻሉ ገቢያቸው ተቋረጠ።

እኛ ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው? ልጆቻችን የሚደሰቱበት ኳስ የሌላ ልጅ ልጅነት የተሰፋበት እንዳይሆን ማሰብ አለብን። ሻጩን «ይህ ኳስ የት ተሠራ?» ብሎ መጠየቅ ምንም አያስከፍልም። ከመጠን በላይ የረከሰ የእጅ ስፌት ሲገጥመንም የጎደለው ገንዘብ ከማን ኪስ እንደጎደለ እንጠይቅ።

አያያዙ ግማሽ ዋጋው ነው

የተገዛ ኳስ ቶሎ የሚያልቀው በብዛት በአያያዝ ጉድለት ነው። በመጀመሪያ ደረጃ የመንፊያው መርፌ በደረቁ ሊገባ አይገባም፤ በውሃ ወይም በግሊሰሪን አርጥቦ ቀስ ብሎ ማስገባት ነው። በደረቅ መርፌ የተወጋ የአየር መሙያ ቀዳዳ ይቀደድና ኳሱ በማግሥቱ ተኝቶ ይገኛል። ሁለተኛ፣ ከጎሚስታ ዘንድ የሚነፋ ሰው ይጠንቀቅ። የመኪና ጎማ መንፊያ ኃይለኛ ስለሆነ በቅጽበት ስፌቱን ሊበጥስ ይችላል። በእጅ መንፋት ይመረጣል። ሦስተኛ፣ ከፍታንም ማሰብ ያስፈልጋል። አዲስ አበባን በመሰለ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነ ቦታ የውጪው አየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ በጅቡቲ በ0.8 አትሞስፌር የተነፋ ኳስ አዲስ አበባ ሲደርስ ማንም ሳይነካው ወደ 1.05 ይጠጋል፤ እንደ ድንጋይም ይጠነክራል። ከቆላ ወደ ደጋ ኳስ ይዞ የሚመጣ ሰው ጥቂት አየር ያስተንፍስለት።

ከዚህ ሌላ ኳስ ላይ መቀመጥ ክብነቱን ያጠፋል። ከዝናብ ሲመለስ በጨርቅ ጠርጎ በጥላ ማድረቅ እንጂ ምድጃ ዳር ወይም በጠራራ ፀሐይ ማስጣት አይገባም። የስፌት ክር ሲላላም «ሳይደርቅ በእርጥቡ» ነው፤ አንድ ዙር ሳለ ለጫማ ሰፊ የሚከፈለው ኋላ ለአዲስ ኳስ ከሚወጣው እጅግ ያነሰ ነው። በኛ ትምህርት ቤት በየሳምንቱ ተራ የሚደርሳቸው ሁለት ተማሪዎች የኳስ ጠባቂ ይባላሉ። መቁጠር፣ መጥረግ፣ መንፋትና መመዝገብ የነሱ ኃላፊነት ነው። አብዛኛውን ጊዜ የምንመርጣቸው ዳር ከሚቆሙት መካከል ነው። ኳሱን የጠበቀ ልጅ ኳሱን መንካት አያፍርምና።

እንግዲህ ውድ ወላጆች፣ ገበያ ስትወጡ ሜትር በኪሳችሁ ያዙ። የልጃችሁን ዕድሜና የሚጫወትበትን መሬት አስቡ። ቀለሙን ሳይሆን ስፌቱን፣ ስሙን ሳይሆን ክብነቱን እዩ። እናንተም ወጣቶች፣ ኳስ ሲገዛላችሁ አንዷን ለብቻችሁ አትያዟት፤ ዳር ለቆመው አቀብሉት። በ48 ሰከንድ የሚጠግብ ልጅ የለም።